የመሥሪያ ቤት ጽሑፍ ፊደልና ሰዋስው፦ ከሚዛን ተፈሪና ከቴፒ የቡና ምድር አንጻር

በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ የሚኖር አንድ ቡና አምራች ስሙ በብዙ ሰነድ ላይ ይሰፍራል። በቀበሌ መታወቂያው፣ በመሬት ይዞታ ማረጋገጫ ደብተሩ፣ በኅብረት ሥራ ማኅበሩ የአባላት መዝገብ፣ እሸት ቡና ባስረከበ ቁጥር በሚቀበለው ደረሰኝ፣ በባንክ ሒሳብ ደብተሩ፣ በልጆቹ የትምህርት ቤት ቅጽ፣ አሁን ደግሞ በፋይዳ ዲጂታል መታወቂያው ላይ ይጻፋል። ጸሐፊዎቹ የተለያዩ ናቸው፤ ብዙ ጊዜም ስሙን የሚጽፉት በጆሯቸው ሰምተው ነው። ስሙ ኃይለ ሥላሴ ቢሆን አንዱ «ኃይለ ሥላሴ»፣ ሌላው «ሀይለስላሴ»፣ ሦስተኛው «ኃ/ሥላሴ» ብሎ ይጽፈዋል። ሦስቱም በንባብ አንድ ናቸው። ክፍያ የሚያጸድቀው ባለሙያ ግን የሚያነጻጽረው ጽሑፍን ከጽሑፍ ጋር ስለሆነ፣ ልዩነት ባየ ጊዜ ሰነዱን ይመልሳል። ባለጉዳዩም የእርሱ ባልሆነ ጉድለት «የአንድ ሰው ስም መሆኑ ይረጋገጥልኝ» የሚል ደብዳቤ ፍለጋ ከቀበሌ ወረዳ ይመላለሳል።

ይህ ጽሑፍ የተዘጋጀው በመንግሥት መሥሪያ ቤቶች፣ በኅብረት ሥራ ማኅበራትና በግል ድርጅቶች ለሥራ የሚጻፈው አማርኛ የፊደልና የሰዋስው ወጥነት ለምን እንደሚያስፈልገው ለማስረዳት ነው። ከጉድለቶቹ መካከል ባለጉዳይን የሚጎዱት የትኞቹ እንደሆኑና የሊቃውንት ክርክር ብቻ የሆኑት የትኞቹ እንደሆኑ ለይቶ ማሳየትም ዓላማው ነው። ምሳሌዎቹ የተወሰዱት ከሚዛን ተፈሪ፣ ከቴፒና በዙሪያቸው ካለው የቡና ምድር ነው።

አማርኛ ለጸሐፊውም ለአንባቢውም ሁለተኛ ቋንቋ በሚሆንበት ቦታ

የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ክልል መስከረም 20 ቀን 2014 ዓ.ም. የተካሄደውን ሕዝበ ውሳኔ ተከትሎ በዚያው ዓመት በኅዳር ወር በይፋ ተመሠረተ። ከፋን፣ ሸካን፣ ቤንች ሸኮን፣ ዳውሮን፣ ምዕራብ ኦሞንና ኮንታን ያቀፈ ሲሆን፣ የክልሉ ተቋማት መቀመጫዎች በቦንጋ፣ በተርጫ፣ በሚዛን አማንና በቴፒ ተከፋፍለዋል። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 5 ለኢትዮጵያ ቋንቋዎች ሁሉ እኩል ዕውቅና ሰጥቶ፣ ክልሎች የሥራ ቋንቋቸውን በሕግ እንዲወስኑ ይፈቅዳል። ይህም ክልል አማርኛን መርጧል። በየቤቱ የሚነገሩት ግን ከፊኖኖ፣ ሸኪኖኖ፣ ቤንችኛ፣ ሸኮኛ፣ መኢኒትኛ፣ ዲዚኛ፣ ዳውሮኛና ሌሎችም ናቸው።

በመሆኑም ከሚዛን አማን ወደ ቴፒ የሚላክ ደብዳቤ ብዙ ጊዜ አፉን በሌላ ቋንቋ የፈታ ሰው ጽፎት፣ አፉን በሦስተኛ ቋንቋ የፈታ ሰው የሚያነበው ነው። በመሐል ያለው ድልድይ የተጻፈው አማርኛ ብቻ ነው። በአዲስ አበባ ወይም በጎንደር ያለ አንባቢ ከልማድ ገምቶ የሚሞላው ክፍተት፣ በዚህ ስፍራ ሳይሞላ ሊቀር ወይም በሌላ ሐሳብ ሊሞላ ይችላል። ይህ ሲባል ጉድለቱ አማርኛን በትምህርት ቤት በተማሩ ሠራተኞች ላይ ብቻ የሚታይ ነው ማለት አይደለም። እንዲያውም ቋንቋውን በሰዋስው መጽሐፍ የተማረ ሰው «ን»ን እና «ለ»ን በቦታቸው የማስቀመጥ ጥንቃቄ አለው፤ ማሰሪያ አንቀጹ የሚጠፋበት ረጅም ዐረፍተ ነገር ግን ብዙውን ጊዜ የሚመጣው በቋንቋው ከሚተማመን እጅ ነው።

በአማርኛ ጽሑፍ ላይ የሚፈጠር ጉድለት ወደ ሌላ ቅጂ በመሄድ የሚስተካከል አለመሆኑንም ማስታወስ ያስፈልጋል። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 106 መሠረት የመጨረሻ ሕጋዊ እውቅና ያለው የአማርኛው ቅጂ ነው። በአዋጅ ቁጥር 3/1987 የተቋቋመው ፌዴራል ነጋሪት ጋዜጣም በአማርኛና በእንግሊዝኛ ይታተማል፤ ሁለቱ ቢለያዩ የአማርኛው ይጸናል።

ሞክሼ ፊደላት፦ ከሚገባው በላይ የተጨቃጨቅንበት ጉዳይ

ስለ አማርኛ አጻጻፍ በተነሣ ቁጥር ቀድመው የሚጠቀሱት ሞክሼ ፊደላት ናቸው። ሀ፣ ሐ እና ኀ፤ ሰ እና ሠ፤ አ እና ዐ፤ ጸ እና ፀ በግዕዝ የየራሳቸው ድምፅ ነበራቸው። በአማርኛ ልዩነቱ ከጠፋ ቆይቷል። በግዕዝ «መሀረ» አስተማረ፣ «መሐረ» ይቅር አለ ማለት በመሆኑ፣ «ምሁር» በሃሌታው ሀ፣ «ምሕረት» በሐመሩ ሐ ይጻፋሉ። «ሠረቀ» ብርሃን ወጣ፣ «ሰረቀ» ደግሞ የሰው ገንዘብ ወሰደ ማለት ነው።

በዚህ ጉዳይ ላይ ሁለት መንገዶች አሉ። አንደኛው የቃሉን የግዕዝ ሥር ጠብቆ መጻፍ ነው። በ1962 ዓ.ም. የታተመው የደስታ ተክለ ወልድ መዝገበ ቃላት ስሙ ራሱ «ዐዲስ ያማርኛ መዝገበ ቃላት» በመሆኑ፣ ከሽፋኑ ጀምሮ በዐይኑ ዐ ይናገራል። ሁለተኛው መንገድ ሞክሼዎቹን መቀነስ ነው። ይህ ሐሳብ በኢትዮጵያ ቋንቋዎች አካዳሚ ዘመን ቀርቦ ነበር፤ ሁሉን የሚያስገድድ ሥርዓት ሆኖ ግን አልጸና። ዛሬ የተሰማ ሀብተ ሚካኤልን «ከሣቴ ብርሃን ተሰማ» መዝገበ ቃላት የያዘ ጸሐፊና በ1993 ዓ.ም. የታተመውን የቋንቋዎች ጥናትና ምርምር ማእከል «አማርኛ መዝገበ ቃላት» የያዘ ጸሐፊ አንዱን ቃል ለየብቻ ቢጽፉት ሁለቱም የሚጠቅሱት ምንጭ አላቸው።

ለመሥሪያ ቤት ሥራ ከሁለቱ የትኛው ይሻላል የሚለው ጥያቄ ሁለተኛ ደረጃ ነው። «ሥራ»ን «ስራ» ብሎ የጻፈ ሠራተኛ ማንንም አላሳሳተም። «ስም»ን «ሥም» ብሎ የሚጽፍ ግን እዚህ ላይ ሊነሣ ይገባዋል፤ ሠ ይበልጥ የተማረ መስሎ ስለሚታይ ያለ ቦታው የገባ ነው፤ ቃሉ በግዕዝም በእሳቱ ሰ ነው። እንዲህ ያለው ከልክ ያለፈ ማረም ከግድየለሽነት የማይተናነስ መዘበራረቅ ያመጣል።

ሞክሼ ፊደላት እውነተኛ ጉዳት የሚያደርሱት በፍለጋ ጊዜ ነው። የኢትዮጵያ ፊደል በዩኒኮድ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው ሦስተኛው ዕትም ሲሆን፣ እያንዳንዱ ሞክሼ የራሱ መለያ ቁጥር ተሰጥቶታል። ለኮምፒውተር «ጸሐይ» እና «ፀሀይ» ፈጽሞ የማይዛመዱ ሁለት ቃላት ናቸው። ይህ አንድ ቃል ብቻ በ12 መንገድ ሊጻፍ ይችላል፤ የመጀመሪያው ፊደል ሁለት፣ መካከለኛው ደግሞ ሀ፣ ሃ፣ ሐ፣ ሓ፣ ኀ እና ኃ ተብሎ ስድስት ምርጫ አለው። «ኃይለ ሥላሴ» ሲሰላ 24 ይደርሳል፤ አንድ ላይ ወይም ነጣጥሎ መጻፉ ሲታከልበት 48 ይሆናል። መዝገቡ በወረቀት በነበረበት ዘመን መዝገብ ቤት የተቀመጠች አንዲት ልምድ ያላት ሠራተኛ ፋይሉን ከነሙሉ ልማዱ ታውቀው ነበር። አሁን ፍለጋውን የሚያካሂደው ማሽን ነው፤ ማሽኑ «አልተገኘም» ሲል ሠራተኛው «አልተመዘገቡም» ብሎ ይመልሳል።

ትልቅ ፊደል የሌለው ጽሑፍና የቦታ ስሞች

የግዕዝ ፊደል ለተጸውዖ ስም የተለየ ትልቅ ፊደል የለውም። በዚህ አካባቢ ደግሞ ከዋና ዋናዎቹ የቦታ ስሞች አንዳንዶቹ በአማርኛ ሌላ ትርጉም ያላቸው ቃላት ናቸው። «ቡናው በሚዛን ተረጋግጧል» የሚል ሪፖርት ቡናው ተመዘነ ማለት ነው ወይስ በሚዛን ከተማ ታየ? «የከፋ ቡና» ከከፋ ዞን የመጣ ቡና ነው ወይስ ከሌላው ያነሰ? በንግግር አውዱ ይፈታዋል፤ በአንድ መስመር የሠንጠረዥ ርእስ ላይ ግን አውድ የለም። መፍትሔው ቀላል ነው፦ «በሚዛን አማን ከተማ»፣ «የከፋ ዞን ቡና» ብሎ መጻፍ። ቴፒ አካባቢ ከቡና ሌላ ቅመማ ቅመም በሰፊው ስለሚለማ «እርድ» የሚለውም ቃል ጥንቃቄ ይሻል። ስለ እርድ ምርት የሚጻፍ ሁሉ ቅመሙን እንጂ የከብቱን እርድ አለመናገሩን ከመጀመሪያው መስመር ግልጽ ሊያደርግ ይገባዋል። ኮረሪማና ሄልም የተለያዩ ተክሎች ስለሆኑ ሁለቱን በአንድ ስም መጥራት ገዢን ያሳስታል።

የአስተዳደር አከላለል መለዋወጥ ሌላ ችግር ይጨምራል። በሚዛን ተፈሪ ዙሪያ ያለ አንድ ቀበሌ የቆየ ፋይሉ ከፋ ክፍለ ሀገርን፣ ቀጥሎ ቤንች ማጂ ዞንን፣ አሁን ቤንች ሸኮ ዞንን በርእሱ ሊይዝ ይችላል። በቦንጋና በማሻ አካባቢ ደግሞ ከፊቾ ሸኪቾ የሚል ማኅተም ያረፈባቸው ሰነዶች አሉ። ሚዛን ተፈሪና አማንም በአንድ አስተዳደር «ሚዛን አማን» ሆነዋል። ቀድሞ በመዛግብት «ጊሚራ» እና «ሞቻ» ይባሉ የነበሩት ሕዝቦች ዛሬ ራሳቸውን በሚጠሩበት ስም ቤንችና ሸካ ተብለው ይጻፋሉ። የቀድሞውን ስም መጻፍ የሚገባው የቆየ ሰነድን ቃል በቃል ለመጥቀስ ብቻ ነው፤ በዚያም ጊዜ በትእምርተ ጥቅስ ውስጥ አስገብቶ የአሁኑን ስም ከጎኑ ማስፈር ያሻል።

በዞንና በወረዳ ስሞች አጻጻፍ ላይ አሁንም ወጥነት ይጎድላል። «ቤንች ሸኮ» እና «ቤንች ሼኮ»፣ «ቴፒ» እና «ተፒ»፣ «ጉራፈርዳ» እና «ጉራ ፈርዳ» በየደብዳቤው ይፈራረቃሉ። ለዚህ አንዱ ምክንያት የአካባቢው ቋንቋዎች ድምፆች በአማርኛ ፊደል ሙሉ በሙሉ አለመወከላቸው ነው። ለምሳሌ በቤንችኛ የድምፅ ከፍታና ዝቅታ የቃልን ፍቺ ይለውጣል፤ የአማርኛ አጻጻፍ ይህን የሚያሳይበት ምልክት የለውም። ከፊኖኖን በመሳሰሉ ቋንቋዎች ትምህርት የሚሰጠው በላቲን ፊደል በመሆኑም፣ ተማሪው ስሙን በአንድ ፊደል ጽፎ አድጎ በሥራ ዓለም በሌላ ፊደል ይጻፍበታል። ስለዚህ የአካባቢ ስምን በአማርኛ የሚጽፍ ባለሙያ «ትክክለኛው የቱ ነው?» ብሎ መጠየቅ ያለበት የቋንቋውን ተናጋሪና ስሙን የያዘውን የሕግ ሰነድ ነው።

አንድ ፊደል ምን ያህል ርቀት ሊጓዝ እንደሚችል የጌሻ ቡና ታሪክ ያሳያል። በ1930ዎቹ እ.ኤ.አ. ከደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ጫካ የተሰበሰበ የቡና ዘር ወደ ምሥራቅ አፍሪካ የምርምር ጣቢያዎች ተወሰደ። በታንዛኒያ ሊያሙንጉ ከቆየ በኋላ በ1953 እ.ኤ.አ. ኮስታ ሪካ ወደሚገኘው የካቲዬ የምርምር ማዕከል ደርሶ ቲ 2722 በሚል ቁጥር ተመዘገበ፤ ከዚያም በ1960ዎቹ ወደ ፓናማ ተሠራጨ። በ2004 እ.ኤ.አ. በፓናማ የቡና ውድድር ከፍተኛ ዝና አገኘ። በእነዚህ መዝገቦች ላይ ግን የቦታው ስም በላቲን ፊደል አንድ አናባቢ ተጨምሮበት «ጌይሻ» ተብሎ ነበር የተጻፈው። ቃሉ ከታወቀው የጃፓን ቃል ጋር አንድ ሆነ። ከዘርፉ ተመራማሪዎችም ብዙዎቹ ያንኑ አጻጻፍ ይዘው ቀጥለዋል፤ ምክንያታቸውም ለብዙ አሥርት ዓመታት በመዝገብ የቆየው እርሱ ነው የሚል ነው። የስሙ ባለቤት የሆነው አካባቢ እዚህ አለ፤ ስሙ ግን በሌላ ሀገር የታሪክ ጥላ ሥር ይሸጣል። በሀገር ውስጥም ቢሆን «ጌሻ» ብቻ ብሎ መጻፍ አይበቃም፤ በከፋ ዞን ጌሻ የሚባል ወረዳ አለ፣ በማጂ አቅጣጫ ደግሞ ጎሪ ጌሻ የሚባል ደን አለ።

ማን ምን እንደሚያደርግ የማይናገር ዐረፍተ ነገር

ከፊደል ይልቅ ገንዘብና ጊዜ የሚያባክነው የሰዋስው ጉድለት ነው። ለማሳያ የሚከተለውን ዐይነት ዐረፍተ ነገር እንመልከት፦ «ከላይ በተጠቀሰው ጉዳይ ላይ ውይይት ተደርጎ አስፈላጊው ማጣራት ተከናውኖ ውጤቱ በወቅቱ እንዲገለጽ በተሰጠው አቅጣጫ መሠረት ተግባራዊ እንዲደረግ እናሳስባለን።» በዚህ ውስጥ የሚወያይ፣ የሚያጣራ፣ የሚገልጽ፣ አቅጣጫ የሰጠና የሚፈጽም አካል መኖር ነበረበት። አንዱም አልተጠቀሰም። ደብዳቤው ለአራት ጽሕፈት ቤቶች በግልባጭ ቢላክ አራቱም ሌላው ይሠራዋል ብለው ሊያስቀምጡት ይችላሉ፤ አንዳቸውንም ተጠያቂ ማድረግ አይቻልም።

ይኸው ሐሳብ እንዲህ ቢጻፍስ? «የወረዳው ግብርና ጽሕፈት ቤት በሦስቱ ቀበሌዎች የተከማቸውን ጀንፈል ቡና መዝኖ፣ መጠኑን እስከ ኅዳር 20 ቀን 2017 ዓ.ም. የሥራ ሰዓት ማብቂያ ድረስ ለዞኑ መምሪያ በጽሑፍ ያሳውቅ።» ባለቤቱ፣ ድርጊቱ፣ መጠኑ የሚለካው ነገርና ቀኑ ታውቀዋል። ትሕትና ጎደለው የሚል ካለ «እንዲያሳውቅ በአክብሮት እንጠይቃለን» ብሎ ማሰር ይችላል። ትሕትና ባለቤቱን መደበቅ አይጠይቅም።

የአማርኛ አጻጻፍ የሚጠብቅና የሚላላ ድምፅን አይለይም። «ይሰጣል» ሲላላ እርሱ ለሌላ ይሰጣል፣ ሲጠብቅ ለሌላ ይሰጣል የተባለው ነገር ተሰጪ ሆነ ማለት ነው፤ ጽሑፉ አንድ ነው። «ይለካል»፣ «ይሰማል»፣ «ይመታል»ም እንዲሁ ናቸው። «ቡና ያስረከበ አባል ደረሰኝ ይሰጣል» የሚል የመተዳደሪያ ደንብ ደረሰኙን የሚሰጠው አባሉ ነው ሊያሰኝ ይችላል። «ቡና ላስረከበ አባል ገንዘብ ያዡ ደረሰኝ ይሰጠዋል» ቢባል ጥያቄ አይነሣም። አንዲት «ለ» የጎደለችበት ደንብ ጠብ በተነሣ ቀን ሁለት ጠበቃ ያቆማል። በተቻለ መጠን በፊደል የሚለይ ግሥ መምረጥም ይጠቅማል፤ «ይመዝናል» እና «ይመዘናል» ለዐይንም ይለያሉ።

የአክብሮት አነጋገርም የራሱ ወጥመድ አለው። «ሥራ አስኪያጁና ሒሳብ ሹሙ ሰነዱን ፈርመዋል፤ ገንዘቡንም ተቀብለዋል» ሲባል ገንዘቡን የተቀበሉት ሁለቱም ናቸው ወይስ በአንቱታ የተጠሩት አንዱ? አማርኛ ለብዙ ሰውና ለአንድ የተከበረ ሰው አንድ ዐይነት ግሥ ስለሚጠቀም፣ ገንዘብን፣ ርክክብንና ፊርማን በሚመለከት የሰውየውን ኃላፊነት ደግሞ መጥቀስ ይገባል፤ «ገንዘቡን የተቀበሉት ሒሳብ ሹሙ ናቸው»። መደጋገሙ ውበት ይቀንሳል ተብሎ ይታሰብ ይሆናል፤ ሆኖም የሒሳብ መርማሪ ውበት አይፈልግም። በአንድ ደብዳቤ ውስጥ ኃላፊውን አንድ ጊዜ «ገልጸዋል»፣ ሌላ ጊዜ «ፈርሟል» ማለትም አንባቢው ሁለት ሰዎች እንዲያስብ ያደርጋል።

«ጉዳዩ» የሚለው መስመርም ሥራ ሊሠራ ይገባዋል። «ጉዳዩ፦ ትብብር ስለመጠየቅ» የሚል ርእስ ከሦስት ዓመት በኋላ ለሚፈልገው ሰው ምንም አይነግረውም። «ጉዳዩ፦ የቴፒ ከተማ የቡና መጋዘን ጣሪያ ጥገና ስለመጠየቅ» የሚለው ግን ፋይሉን ራሱ ያስገኛል።

ቀን፣ መጠንና ምሕጻረ ቃል

የቡና ሥራ በሁለት ዘመን አቆጣጠር ይካሄዳል። አርሶ አደሩና ማኅበሩ በኢትዮጵያ፣ የውጭ ገዢው በጎርጎርዮሳዊ አቆጣጠር ይጽፋሉ፤ በመካከላቸው የሰባት ወይም የስምንት ዓመት ልዩነት አለ። «5/3/2017» የሚል ቀን ብቻውን ሲቆም ኅዳር 5 ነው ወይስ የመጋቢት ወር አጋማሽ ሳይደርስ ያለ የፈረንጆች ቀን ነው? ወሩን በስሙ መጻፍና «ዓ.ም.» ወይም «እ.ኤ.አ.» ማከል ጥያቄውን ይዘጋል። «እስከ ግንቦት 30» ሲባልም 30ኛው ቀን ይቆጠር እንደሆነ ካልተነገረ፣ ጨረታ የተዘጋበት ሰውና የዘጋው ኮሚቴ ለየብቻ ይቆጥራሉ።

በመጠን ረገድ 1 ፈረሱላ 17 ኪሎ ግራም፣ 1 ኩንታል 100 ኪሎ ግራም ነው፤ ለውጭ ገበያ የሚላክ ቡና ደግሞ በተለምዶ በ60 ኪሎ ግራም ጆንያ ይታሸጋል። «20 ጆንያ» የሚል ደረሰኝ ስለዚህ መጠን አልገለጸም። «ቡና» የሚለውም ቃል ብቻውን አይበቃም፤ እሸት፣ ጀንፈል፣ የታጠበና ያልታጠበ ተብሎ መለየት አለበት፤ ዋጋቸው አንድ አይደለምና። የቡና ግብይትና የጥራት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1051/2009 የትርጓሜ አንቀጽ ስላለው፣ ማኅበራት በውላቸው ውስጥ ከራሳቸው ቃል ከመፍጠር የአዋጁን ቃል ቢጠቀሙ ይመረጣል።

ምሕጻረ ቃልን በተመለከተ «ወ/ማርያም» ወልደ ማርያም ወይም ወለተ ማርያም ሊሆን ይችላል፤ «ተ/» ተክለም ተስፋም ይሆናል። በአንድ ማኅበር ውስጥ ወንድምና እኅት አባል ቢሆኑ በዚህ አጻጻፍ ድርሻቸው ሊቀላቀል ይችላል። በክፍያ ዝርዝርና በይዞታ ሰነድ ላይ የሰው ስም በሙሉ ይጻፍ። ቦታ አነሰ የሚለው ምክንያት ቅጹን ማስፋት እንጂ ስሙን ማሳጠር አይሆንም።

በየጽሕፈት ቤቱ ሊደረግ የሚችለው

ወጥነት ለማምጣት አዲስ አዋጅ መጠበቅ አያስፈልግም። አንድ ጽሕፈት ቤት በሁለት ገጽ የሚያልቅ የራሱ የአጻጻፍ ዝርዝር ሊኖረው ይችላል፤ በሥራው ላይ የሚደጋገሙ ቃላት፣ በሥሩ ያሉ ቀበሌዎች ሁሉ፣ የሚጻጻፋቸው ተቋማት ስም እንዴት እንደሚጻፍ የሚያሳይ። ሞክሼ ፊደላትን በግዕዝ ሥራቸው ለመጻፍ ወይም ለመቀነስ መምረጥ የጽሕፈት ቤቱ ፈንታ ነው፤ ከመረጠ በኋላ ግን ደብዳቤ ጸሐፊውም፣ መዝገብ ቤቱም፣ ማኅተም ቀራጩም በዚያው ይሂዱ። ለሰዋስው ጥያቄ የባየ ይማምን «የአማርኛ ሰዋስው» በመዝገብ ቤት መደርደሪያ ላይ ማኖር ከባድ ወጪ አይደለም። በአካባቢው ሚዛን ቴፒ ዩኒቨርሲቲ መኖሩም ለሥልጠና የሚያስቸግር አያደርገውም።

የሰው ስም ግን ከዚህ ዝርዝር ውጭ ነው። ስም የባለቤቱ ስለሆነ ጸሐፊው አያርመውም፤ በመታወቂያው ላይ «ፀሀይ» ተብሎ ከተጻፈ «ፀሐይ» ይሻላል ብሎ መለወጥ ዕውቀት ሳይሆን አዲስ ሰው መፍጠር ነው። ስም የሚመዘገበው ከመታወቂያ እየታየ እንጂ እየተሰማ አይሁን። መታወቂያ ከሌለ ባለቤቱ ራሱ ይጻፈው፤ መጻፍ ካልቻለ ተጽፎ ይነበብለትና ይስማማ። የአያት ስም አይቅር። የላቲኑ አጻጻፍ ከባንክ ሒሳብና ከፋይዳ መታወቂያ ጋር አንድ መሆኑ በዚያው ይታይ። የዲጂታል መታወቂያ አዋጅ ቁጥር 1284/2015 ከወጣ ወዲህ ብዙ አገልግሎት ከዚህ መታወቂያ ጋር እየተሳሰረ ስለሆነ፣ በምዝገባው ዕለት ያለፈች አንዲት ፊደል ወደ ብዙ መዝገብ ትገለበጣለች።

ረጅም ደብዳቤ ከመፈረሙ በፊት ጉዳዩን ለማያውቅ የሥራ ባልደረባ ጮክ ብሎ ማንበብ ጥሩ ልማድ ነው። አድማጩ «ማነው የሚያደርገው?» ብሎ ከጠየቀ ደብዳቤው ገና አልተጠናቀቀም። ደብዳቤው በስልክ ለሚነበብለት የቀበሌ ሊቀ መንበርም የሚደርሰው በዚሁ መልክ ነውና።

ባለጉዳዮችም ሰነድ ሲቀበሉ ከመስኮቱ ሳይርቁ ስማቸውን፣ የአባታቸውንና የአያታቸውን ስም፣ የቀበሌያቸውን ስም፣ ቀኑንና መጠኑን ፊደል በፊደል እንዲያዩ ይመከራሉ። ልዩነት ካለ በዚያው ቀን እንዲታረም መጠየቅ መብታቸው ነው፤ እርማቱም በብዕር በመሰረዝ ሳይሆን በአዲስ ቅጽ ወይም ፊርማና ማኅተም ባረፈበት የእርማት ደብዳቤ መሆን አለበት። ከክብር መዝገብ የሚሰጡ የልደት፣ የጋብቻና የሞት ምስክር ወረቀቶችን በሚመለከት እርማቱ የሚቀርበው በአዋጅ ቁጥር 760/2004 መሠረት ምዝገባውን ላከናወነው ጽሕፈት ቤት ነው። ሲሄዱም የተሳሳተውን ሰነድና ትክክለኛው አጻጻፍ ያለበትን የቆየ ሰነድ ሁለቱንም ይዘው ይቅረቡ።